ለሬዚደንሲ ሪኮመንዴሽን ጽፌ አላውቅም፣ እርዱኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ነኝ። አብራኝ የሠራች ኢንተርን በኢራስ (የኦንላይን ማመልከቻ ሥርዓት) በኩል አሜሪካ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ሥልጠና) ልታመለክት ነው፣ ሪኮመንዴሽን (የድጋፍ ደብዳቤ) ይጻፉልኝ አለችኝ። ጎበዝ ናት፣ በጣም። ግን ልጽፍ ስቀመጥ «ትጉህ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ተግባቢ» ከማለት ሌላ አልመጣልኝ አለ። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ «ራሷ ትጻፈው፣ አንተ ፈርም» ይለኛል። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦
ዶክተር፣ እነዚያን ሦስት ቃላት ሁሉም ሰው ይጽፋቸዋል፣ ስለዚህ አንባቢው ዘሏቸው ያልፋል። እንዲያውም ደብዳቤው ላይ ሰዓት አክባሪነቷ ብቻ ጎልቶ ከወጣ ሌላ የሚባልላት የጠፋ ነው የሚመስለው። ቅጽሎቹን ይተዉና አንድ የተረኝነት ሌሊት ያስታውሱ። ሌላው ሰው ያላየውን ምልክት አይታ ጠርታዎት ታውቃለች? ለቤተሰብ ክፉ ዜና ስትነግር አጠገቧ ነበሩ? ተሳስታ ራሷ መጥታ የነገረችዎት ጊዜስ አለ? ያንን እንደሆነው ይጻፉት፣ የታካሚው ማንነት ሳይታወቅ። መግቢያው ላይ እንዴት እንደሚያውቋት በግልጽ ይቀመጥ፤ ስንት ሳምንት፣ የትኛው ዋርድ፣ በየቀኑ ራውንድ አብራችሁ ነበራችሁ ወይስ አልፎ አልፎ። ከዚያ ያነጻጽሯት። ካሠለጠኗቸው ኢንተርኖች ከቀዳሚዎቹ አንዷ ከሆነች አይሸሽጉት፣ ካልሆነች ግን አይበሉት። በሙሉ ልብ መጻፍ የማይችሉ ከሆነ አሁኑኑ ይንገሯት፣ ሌላ ሰው ትጠይቅ። ለዘብ ያለ ደብዳቤ ይጎዳታል።

መልስ 2፦
እባክዎ ራሷ ትጻፈው የሚለውን አይስሙ። ኢራስ ላይ አመልካቹ ደብዳቤውን የማየት መብቱን ይተው እንደሆነ ይጠየቃል፣ አብዛኛው ሰው ይተዋል፣ ምክንያቱም አመልካቹ ሊያየው የሚችለውን ደብዳቤ ፕሮግራሞች ያን ያህል አያምኑትም። አላየውም ብላ ራሷ ከጻፈችው ውሸት ሆነ ማለት ነው። ይልቅ ሲቪዋን፣ ፐርሰናል ስቴትመንቷንና አብራችሁ ያያችኋቸውን ኬዞች በአጭሩ ጽፋ ትላክልዎት። እኔ ሳመለክት ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ነበር ለሲኒየሬ የላክሁት፣ የረሳውን ሁሉ አስታወሰው። ርዝመቱ አንድ ገጽ ይበቃል፣ የመሥሪያ ቤት አርማ ባለው ወረቀት ላይ፣ ቀንና ፊርማ ያለው። እሷ የምትሰጥዎትን የጥያቄ ቅጽ ይዘው ደብዳቤውን ኦንላይን የሚጭኑት እርስዎ ነዎት። ለአንድ ፕሮግራም የሚመደበው ቢበዛ 4 ደብዳቤ ነው፣ ስለዚህ የእርስዎ ትልቅ ቦታ አለው።

መልስ 3፦
አንድ ነገር ልጨምር። ለሴት ሐኪም ሲጻፍ ብዙ ጊዜ «ደግ፣ ታዛዥ፣ ተባባሪ» ላይ ይቀራል። ደግነቷ ይጻፍ፣ ግን አስተሳሰቧና ውሳኔዋም ይታይ።

ጠያቂ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ሌሊቱን አስታወስኩት። የሳንባ ምች ነው ብለን ያስተኛናቸው እናት ነበሩ። አንድ እግራቸው ብቻ ማበጡን ያየችው እሷ ናት። ሳንባቸው ላይ የደም መርጋት ይኖራል ብላ ጠርጥራ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቀሰቀሰችኝ። ልክ ነበረች። ደብዳቤውን ከዚህ እጀምራለሁ።