መንገድ ላይ አስቁመው «እርጂ» የሚሉኝን እንዴት ልለፋቸው?

ጥያቄ፣ ከመንገደኛዋ፦
ከሥራ ስወጣ የማልፍበት በር ላይ የበጎ አድራጎት ገንዘብ አሰባሳቢዎች ይቆማሉ። ባለፈው ሳምንት አንዱ «አንድ ደቂቃ ብቻ» ብሎ መንገዴን ዘጋ። የታመመ ሕፃን ፎቶ አሳየኝ። ሳላስበው እስክሪብቶው እጄ ውስጥ ገብቷል። በየወሩ ከባንክ ሒሳቤ እንዲቆረጥ ፈርሜ አረፍኩት! መርዳት እወዳለሁ፤ ግን እንዲህ ተይዤ አይደለም። እምቢ ስል ደግሞ ጨካኝ የሆንኩ ይመስለኛል። ይሉኝታ ገደለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ? የፈረምኩትንስ ምን ላድርገው?

የቀድሞ አሰባሳቢ፦
እህቴ፣ ይህን ሥራ ስምንት ወር ሠርቼዋለሁ። እኔን የቀጠረኝ ድርጅቱ ራሱ ሳይሆን ኤጀንሲ ነበር። በቀን ስንት ሰው ማስፈረም እንዳለብን ይነገረናል። ልጁ ሙጭጭ ያለብሽ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ኮታውን ካልሞላ ሥራውን ያጣል። ዋናው ነገር እንድትቆሚለት ነው። ከቆምሽ ግማሹ ሥራ አለቀ። ስለዚህ እርምጃሽን አትግቺ። ፊቱን አየት አድርገሽ «አይ፣ አመሰግናለሁ» በይና እለፊ። ምክንያት አትደርድሪ። «ቸኩያለሁ» ስትይን «እየሄድን እናውራ» እንላለን። «ገንዘብ የለኝም» ስትይ «ትንሽም ትበቃለች» እንላለን። ለሁሉም ምክንያት መልስ አጥንተናል።

የሥነ ልቦና ተማሪ፦
እስክሪብቶው ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሃሬ ክሪሽና የተባለው የሂንዱ ሃይማኖታዊ እንቅስቃሴ ተከታዮች በአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች መንገደኛው እጅ ላይ አበባ ያስቀምጡ ነበር። ሰውዬው ሊመልስ ሲል «ስጦታ ነው» ብለው አይቀበሉትም። ከዚያ መዋጮ ይጠይቁታል። የተቀበለ ሰው ባዶ እጁን መሄድ ይከብደዋል። ትንሿን እሺታም አትናቂያት። እ.ኤ.አ. በ1966 ፍሪድማንና ፍሬዘር የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን «በጥንቃቄ አሽከርክሩ» የሚል ትልቅ፣ የማያምር ሰሌዳ ግቢያቸው ላይ እንዲያቆሙ ጠየቁ። ድንገት ከተጠየቁት እሺ ያሉት 17 በመቶ ገደማ ናቸው። ቀደም ብለው «ጥንቁቅ አሽከርካሪ ሁኑ» የሚል ትንሽ ምልክት እንዲለጥፉ ከተጠየቁት ግን 76 በመቶ! ስለዚህ ተለጣፊም ሆነ እስክሪብቶ ሲዘረጉልሽ እጅሽን ሰብስቢ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦
ወደ ፈረምሽው ልምጣ። የቅጹን ቅጂ ፈልጊ። ለድርጅቱ «መዋጮዬን አቋርጫለሁ» ብለሽ በጽሑፍ ላኪ። ባንክሽም ትእዛዙን እንዲሰርዝ አድርጊ። አንዱን ብቻ አድርገሽ አትተዪው። ባንኩን ብቻ ካሰረዝሽ ድርጅቱ ክፍያው የተሳሳተ መስሎት ሊደውልልሽ ይችላል። ለወደፊቱ የባንክ ሒሳብና የካርድ ቁጥርሽን መንገድ ላይ ለማንም አትስጪ። የድርጅቱን ስምና የምዝገባ ቁጥር ጠይቂ፤ ቤትሽ ገብተሽ አጣሪ። ካመንሽበት በቀጥታ ለድርጅቱ ክፈዪ። እውነተኛ ድርጅት ከሆነ ነገም ገንዘብሽን ይቀበላል።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ ግን ልጆቹ ያሳዝኑኛል። ቀኑን ሙሉ ቆመው ሰው ፊቱን ሲያዞርባቸው ይውላሉ። በትሕትና እምቢ በያቸው። ክንድሽን ከያዘሽ ወይም ከተከተለሽ ግን ሌላ ነገር ነው። ባጁ ላይ ያለውን ስምና ሰዓቱን መዝግበሽ ለድርጅቱ አቤት በይ።

መንገደኛዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ ሳልቆም አለፍኩ። ልቤ ቢመታም «አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ፤ ልጁም «መልካም ምሽት» አለኝ። ቅጹን ቦርሳዬ ውስጥ አገኘሁት፤ የመሰረዣው ስልክ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ነገ ምሳ ሰዓት ላይ ባንክ እሄዳለሁ።