«ፕሮሚቲየስ»ን ደግሜ አየሁት፤ ያኔ ዴቪድን ልብ አላልኩትም ነበር

ጥያቄ

ሰላም ለሳይፋይ ወዳጆች። ፊልሙን ያላያችሁ ታሪኩ እንዳይበላሽባችሁ እዚህ ላይ አቁሙ።

«ፕሮሚቲየስ» በ2012 እ.ኤ.አ. ሲወጣ እንደ ጉድ ነበር የጠበቅኩት። ሪድሊ ስኮት «ኤሊየን»ን ከሠራ ከ33 ዓመት በኋላ ወደዚያው ዓለም ሲመለስ ማን አይጓጓም? የፈለግኩት አንድ መልስ ነበር። በ1979ኙ ፊልም ወንበሩ ላይ ደርቆ የቀረው፣ ደረቱ የተበሳው ግዙፍ ፍጡር ማን ነው? ፊልሙ ግን ስለ ሰው ዘር መነሻ ሲያወራ ቆይቶ ጥያቄ ጨምሮብኝ አለቀ። ተናድጄ ወጣሁ። ለዓመታት ስሙን መስማት አልፈልግም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደግሜ አየሁት። አሁን ግን ዓይኔ ከዴቪድ፣ ከሮቦቱ፣ አልነቀል አለ። የሰውን ዘር ፈጣሪዎች ፍለጋ በጠፈር የሚጓዙት ሰዎች ተኝተው እሱ ብቻውን መርከቧ ውስጥ ይኖራል። ሳይክል እየነዳ ኳስ ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። ጥንታዊ ቋንቋ ያጠናል። «ላውረንስ ኦፍ አረቢያ»ን እያየ አነጋገሩን ይለማመዳል፤ ፀጉሩን ሳይቀር እንደ ተዋናዩ ያቀላል።

አንዱ ትዕይንት ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ከተመራማሪዎቹ አንዱ የሆነው ሆሎዌይ ፈጣሪዎቹን ሞተው ስላገኛቸው ከፍቶት ይጠጣል። ዴቪድ «ለምን ሠራችሁኝ?» ሲለው፣ «ስለቻልን» ይለዋል። ዴቪድም ይህንኑ መልስ አንተ ከፈጣሪህ ብትሰማ ምን ይሰማህ ነበር ይለዋል። ቀጥሎ መልስ ለማግኘት እስከ ምን ድረስ ትሄዳለህ ብሎ ይጠይቀዋል። «ምንም ቢሆን አደርጋለሁ» ይላል ሆሎዌይ። ያኔ ዴቪድ ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ነከር ያደርጋል። ጣቱ ጫፍ ላይ ከፈጣሪዎቹ ዋሻ ያመጣት መርዘኛ ጥቁር ጠብታ አለች። ድሮ ይሄን ሳይ፣ «ተንኮለኛ ሮቦት» ብዬ አልፌው ነበር። ለካ ፈቃድ እየጠየቀው ነበር!

እናንተስ? ደግማችሁ ስታዩት ያኔ ያናደዳችሁ ነገር አሁንም ያናድዳችኋል?

መልስ 1

እኔ ይባስ ተናደድኩ። ያ የባዮሎጂ ባለሙያ የሞተ ፍጡር አስከሬን አይቶ ፈርቶ ልመለስ ይላል። ትንሽ ቆይቶ እባብ የሚመስል ነገር አንገቱን ቀጥ አድርጎ ሲነሳበት ደግሞ ሊያሻሸው እጁን ይዘረጋል! ዋሻውን በራሪ መሣሪያ ልኮ ካርታ ያስነሳው ጓደኛው ደግሞ መንገድ የጠፋው እሱው ነው። በዴቪድ ጉዳይ እስማማለሁ። ይሄን ግን ዓመታት አያስረሱኝም።

መልስ 2

ወንድሜ፣ የጠበቅከው መልስ እዚያ ፊልም ውስጥ የለም። የ1979ኙ ታሪክ ኤልቪ-426 በምትባል ጨረቃ ላይ ነው፤ የዚህኛው ኤልቪ-223 በምትባል ሌላ ጨረቃ ላይ። ወንበሩ ላይ ያለው ፍጡር ሌላ ነው ማለት ነው። እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው። በፊተኛው ፊልም ከወንበሩ የበቀለ ይመስል ነበር፤ አጥንቱና ወንበሩ አይለዩም። እዚህ ልብስ ሆነ፤ ውስጡ ደግሞ የገረጣ ሰው። ያ ምስጢር እንዳለ ቢቀርልኝ በወደድኩ።

ለማመስገን ያህል ግን የቀዶ ሕክምና ማሽኑን ልብ በሉ። የጉዞው አለቃ የሆነችው የቫይከርስ ክፍል ውስጥ ያለ ነው፤ የተስተካከለው ግን ለወንድ ብቻ። ተመራማሪዋ ሾው ሆዷ ውስጥ ያደገውን ፍጡር ልታስወጣ ሆዷን ይዛ ስትጮህበት አያውቃትም። ማሽኑ ለሌላ ሰው ነው ማለት ነው፤ የጉዞውን ወጪ የሸፈነው ሽማግሌው ባለሀብት ዌይላንድ መርከቧ ላይ ተደብቆ መኖሩን ፊልሙ እዚያ ጋ ነግሮናል፤ እኔ የገባኝ ለሁለተኛ ጊዜ ሳየው ነው።

ጠያቂው

የማሽኑን ነገር እኔም አላስተዋልኩትም ነበር፤ አመሰግናለሁ! ስለ ባዮሎጂስቱ ክርክር የለኝም፤ ደካማ ጽሑፍ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዴቪድ መጨረሻ ላይ ከእንቅልፉ ለነቃው ግዙፍ ፈጣሪ የተናገረው ሲኒማ ላይ ትርጉም አልተጻፈበትም። የቋንቋ ባለሙያው አኒል ቢልቱ በኋላ እንዳብራራው፣ ይህ ሰው (ዌይላንድን ነው) መሞት ስለማይፈልግ መጣ፣ ዕድሜ ትጨምርለታለህ ብሎ ያምናል ማለቱ ነበር። ለራሱ ምንም አልጠየቀም። የተገነጠለው ግን የእሱ አንገት ነው።

ተከታዩን ፊልም፣ የ2017ቱን «ኮቨናንት»፣ በንዴት ዘልዬው ነበር። ዛሬ ማታ እጀምረዋለሁ።