ረቂቅ 3፦ ለሕፃናት ፓይሎፕላስቲ (የጠበበ የኩላሊት ሽንት መውጫን የሚያስተካክል ቀዶ ሕክምና) የጋራ የስቴንት (የሽንት ማፍሰሻ ቀጭን ቱቦ) ግዥ

ፀሐፊ፦ በረቂቅ 2 ላይ ያላችሁት ገብቷል። ዋናው ሐሳብ ያው ነው። በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ) ቀዶ ሕክምና ለሚደረግላቸው ትንንሽ ልጆች ዲጄውን (ከኩላሊት እስከ ፊኛ ሙሉ በሙሉ ውስጥ የሚቀረውን ስቴንት) ትተን ጫፉ በጎን ከሰውነት የሚወጣውን ስቴንት በጋራ እንግዛ። ዲጄ ለማውጣት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ሌላ ሙሉ ማደንዘዣና ሲስቶስኮፒ (በሽንት መውጫ ካሜራ ወደ ፊኛ ማስገባት) ይፈልጋል። የጎኑ ግን ሳምንት አካባቢ ሲሆነው ተመላላሽ ክፍል ይሳባል፣ አለቀ። እስከ ዓርብ መልሱ።

የደቡቡ አባል፦ ስቴንቱ ጥሩ ነው። ገጽ 4 ላይ ያለው ስልጠና ግን ለምን ቢሾፍቱ? ባለፈውም እዚያ ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦ አዲስ አበባ አዳራሽ አይቀመስም።

የደቡቡ አባል፦ ሐዋሳስ?

የሰሜኑ አባል፦ ሐዋሳ ከሆነ እኛ በአውሮፕላን መጥተን እንደገና መኪና ልንይዝ ነው። ባሕር ዳር ይሁን።

ወጣቱ ሐኪም፦ ሕፃን ላይ ዲጄውን ከላይ ስንሰድ ፊኛው መግቢያ ላይ አልገባም የሚለን ጊዜ አለ። ርዝመቱንም ዕድሜ ሲደመር 10 ሴንቲሜትር ብለን ነው የምንገምተው። ለጎኑ ይህ ጣጣ የለም። ዋጋውን እኔ ላጠያይቅ።

ፀሐፊ፦ ተባረክ። እስከ ረቡዕ አድርሰኝ።

የደቡቡ አባል፦ የአበሉ ነገርስ? ከሩቅ የሚመጣና ከአዲስ አበባ የሚመጣ እኩል ሊከፈለው ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ መመሪያው እንደዚያ ነው።

የደቡቡ አባል፦ መመሪያውን ያወጣችሁት አዲስ አበባ ያላችሁት ናችሁ!

ገንዘብ ያዥ፦ ቃልህን አስተካክል። ከዚህ ገንዘብ ሳንቲም ወስጄ አላውቅም።

ሲስተር፦ ቦታውን ተዉት እስቲ! ዲጄ ለምን እንደሚረሳ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልጁ ይሻለዋል፣ አባት መመለሻ ብር ያጣል፣ ስቴንቱ ድንጋይ ይለብሳል። ከዚያ በኋላ ማውጣቱ ራሱ ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው። የጎኑም እኮ ጣጣ አለው። ልጅ ይጎትተዋል፣ ፋሻው ከላላ ይነቀላል፣ ሽንት ያፈሳል። እናቶችን ማን ነው የሚያስተምረው? ረቂቁ ላይ አንድ መስመር የለም።

የሰሜኑ አባል፦ ያንን ሳምንት የት ነው የሚያድሩት?

ሲስተር፦ ሳምንት መቆየትና ከወር በኋላ ከገጠር ተመልሶ መምጣት አንድ አይደለም።

የደቡቡ አባል፦ ልክ ናት። ገንዘብ ያዥ፣ በአበል አንጣላ። መጓጓዣው ለብቻ ይታሰብልን እንጂ።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ ዶክ፣ ይታሰባል።

ፀሐፊ፦ ረቡዕ አለፈ። ዋጋው የታለ?

ገንዘብ ያዥ፦ ወጣቱ ሐኪም ስልኩን አያነሳም። እኔ አንድ አስመጪ ጠይቄ ነበር። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት የሰጠን ዋጋ አይሠራም አለ። በብዛት ካልሆነም አያስመጣም።

የሰሜኑ አባል፦ እንግዲያው ዘንድሮ መዝገቡን እናስቀድም። ዲጄ የገባለት ልጅ ሁሉ ይመዝገብ፣ የሁለት ዘመድ ስልክ ይያዝ፣ ቀኑ ሲደርስ ይደወል። ይህ ምንዛሪ አይጠይቅም።

የደቡቡ አባል፦ እስማማለሁ። ስልጠናውም ስለ መዝገቡ ይሁን፣ በሁለት ቦታ።

ፀሐፊ፦ ረቂቅ 4 ላይ መዝገቡ ከነመደወያው ይገባል። ስልጠናው ቢሾፍቱና ባሕር ዳር ይሆናል። የስቴንት ግዥው ለመጪው ዓመት ይተላለፋል። ተቃውሞ ያለው?

የደቡቡ አባል፦ ሐዋሳስ?

ሲስተር፦ እኔ አለኝ። ዘንድሮ የሚሠሩት ሕፃናት ሁለተኛ ማደንዘዣ ይወስዳሉ ማለት ነው። ለጥቂቱ እንኳ የጎኑን እንግዛ። ተቃውሞዬ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልኝ።

ፀሐፊ፦ ተይዟል።