ሴፕቴምበር 12፣ 2023 እኔ ጋ መስከረም 2፣ እህቴ ጋ መስከረም 1 ይላል፤ ኮዱ ግን አንድ ነው

ጀማሪ_ኮደር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የፈረንጆቹን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይር ገጽ በጃቫስክሪፕት ሠርቻለሁ። ሴፕቴምበር 11ን መስከረም 1 አድርጌ፣ ከዚያ በፊት ላለው 8፣ ከዚያ ወዲህ ላለው 7 ዓመት እቀንሳለሁ። ቀኑን ከኢንፑቱ (ቀን ከሚገባበት ሳጥን) እንደ ጽሑፍ ወስጄ፣ ቀን ለሚፈጥረው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ ለ«ኒው ዴት» በቀጥታ እሰጠዋለሁ። እኔ አዲስ አበባ፣ እህቴ ዋሽንግተን ነን። የቱ ጋ ተሳሳትኩ? መልኩንም ሳታዝኑልኝ ንገሩኝ፤ ሊንኩ ፕሮፋይሌ ላይ አለ።

ባሕረ_ሐሳብ፦
ትክክሉ የእህትህ ነው፣ ግን በአጋጣሚ የወጣ ነው። ኮድህ ሁለት ስህተት አለበት፤ እሷ ጋ ሲደርስ አንዱ ሌላውን ሸፈነው።

አንደኛው ጳጉሜ ነው። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር (ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል)፣ ስለዚህ ጳጉሜ 6 ቀን ሆና የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። አንተ ግን 11ን ቆልፈኸዋል። ከ1900 እስከ 2099 በፈረንጆቹ ድረስ ደንቡ ቀላል ነው፦ ያለፈው የእኛ ዓመት ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈው 12፣ ካልሆነ 11።

ሁለተኛው የሰዓት ቀጠና ነው፤ ይሄኛው ክፉ ነው፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ተቀምጠህ መቼም አታየውም። ቀን ብቻ ያለበትን ጽሑፍ «ኒው ዴት» የሚያነበው እንደ ዩቲሲ (የዓለም የጋራ መነሻ ሰዓት) እኩለ ሌሊት ነው። ያ ሰዓት እኛ ጋ የዚያው ቀን ሌሊት 9 ሰዓት ነው፤ በመስከረም ዋሽንግተን ግን ገና የዋዜማው ምሽት 2 ሰዓት ነው። የወሩን ቀን የሚያወጣው «ጌትዴት» እዚያ 11 ይመልሳል። ካላመንክ እህትህ ሴፕቴምበር 11፣ 2024ን ታስገባ፤ መስከረም 1፣ 2017 መሆን ሲገባው ጳጉሜ 5 ይላታል።

ጽሑፉን በሰረዙ ከፋፍለህ ሦስቱን ቁጥር ለ«ዴት ዩቲሲ» ስጥ፣ ውጤቱን ደግሞ ለ«ኒው ዴት»፤ ከወሩ 1 መቀነስ አትርሳ። ስታነብም «ጌትዩቲሲዴት»ን ተጠቀም። ኮምፒውተርህን የኒውዮርክ ሰዓት ላይ አድርገህ እንደገና ሞክር።

ማታ_ኮደር፦
ስሌቱን ባሕረ_ሐሳብ ጨርሶታል፣ እኔ ገጹን ልይ። ነጭ ላይ ቢጫ ጽሑፍ አይነበብም፤ ለተራ ጽሑፍ ንፅፅሩ ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን። ስፋቱን 900 ፒክስል ብለህ ስለወሰንከው ስልክ ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ «ማክስ ዊድዝ» (ከፍተኛ ስፋት) አድርገው። የኢንፑቱን ፊደል ከ16 ፒክስል አታሳንስ፣ አይፎን ላይ ሲነካ ገጹ በራሱ ይጎላል። ባዶውን ሲጫኑት «ናን» (ቁጥር አይደለም) ከሚል «እባክዎ ቀን ያስገቡ» ይበል። የወሮቹን ስም በአማርኛ መጻፍህ ግን በጣም ጥሩ ነው።

ጀማሪ_ኮደር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ብራውዘሩ ውስጥ ያለው ቀን ማሳያ መሣሪያ «ኢንትል» የእኛን ካላንደር ካወቀ ራሴ ለምን አሰላለሁ?

ባሕረ_ሐሳብ፦
ከፈረንጅ ወደ እኛ ብቻ ከሆነ ይበቃሃል፤ ካላንደሩን «ኢትዮፒክ»፣ የሰዓት ቀጠናውን ዩቲሲ በለው። ግን ቀን ለማሳየት እንጂ ለማንበብ አልተሠራም፤ ከእኛ ወደ ፈረንጅ መመለሻ ስታክል የራስህ ስሌት ያስፈልግሃል። እስከዚያው የ4 ዓመት ቀኖችን በራስህ ስሌትም በ«ኢንትል»ም አስልተህ የሚለያዩትን ብቻ አሳትም፤ ዝርዝሩ ባዶ ካልወጣ ስህተቱ ገና አለ።