አስቸኳይ፦ የበቆሎ ቅጠል ዘላዮቼ ነጥብ ጠፋብኝ፤ ሲካዱሊና ብዬ ልጻፍ?

የሰበታዋ ተማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚሄድ ጎረቤት አለን፤ ናሙናዬን ያደርስልኛል። ብልቃጡ ላይ የነፍሳቱን ጂነስ፣ ማለትም የተቀራረቡ ዝርያዎች የጋራ ስም፣ መጻፍ አለብኝ። ከአባቴ በቆሎ ላይ ስይዛቸው ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱ ቢጫ ነበሩ፤ በሁለቱ ዓይኖቻቸው መካከል ሁለት ክብ ጥቁር ነጥብ ነበራቸው። ዛሬ ብከፍተው ሁሉም ቡናማ ሆነዋል፤ ነጥቡ የለም! የበቆሎው ቅጠል መስመር መስመር ስለሠራ ሲካዱሊና ምቢላ ናቸው ብያለሁ። ልክ ነኝ? እባካችሁ ዛሬ ማታ መልሱልኝ።

ጓሮ ወዳድ
እህቴ፣ በሳሙና ውኃ ርጪው። ጎመኔን ክሽክሽ ሲወረው ያዳነኝ እሱ ነው።

የሰበታዋ ተማሪ
አመሰግናለሁ፤ ግን የሞቱ ናቸው። የምፈልገው ስማቸውን ነው።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ስም ማውጣት ቀላል አይደለም። ምቢላ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1924 ከደቡብ አፍሪካ ሲገለጽ ባልክሉታ በሚባል ሌላ ጂነስ ውስጥ ነበር የተመደበው። ሲካዱሊና የሚለው ጂነስ የተመሠረተው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1926 ነው። ቅጠሉን መስመር መስመር የሚያደርገውን የበቆሎ ስትሪክ ቫይረስን ከተክል ወደ ተክል የሚያሻግረው ይህ ነፍሳት መሆኑን ስቶሪ የተባለ ተመራማሪ በ1925 አሳየ። ይኸው ሰው በ1932 ደግሞ የሚገርም ነገር ጨመረበት፦ ከአንዱ ዝርያ ውስጥ እንኳ ቫይረሱን ማሻገር የሚችሉና የማይችሉ አሉ፤ ችሎታው ከወላጅ ይወረሳል። ስለዚህ ነፍሳቱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ በሽታውን ማወቅ ሌላ።

የሰበታዋ ተማሪ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ ነገ ምን ብዬ ልጻፍ?

ከቡራዩ
በቆሎሽ ስለተዥጎረጎረ ብቻ ነፍሳቱ ሲካዱሊና ነው ማለት አይቻልም። በመጀመሪያ ቅጠሉን እዪው። ቫይረሱ ከሆነ ነጣ ያሉ፣ ቀጫጭን፣ የተቆራረጡ መስመሮች በቅጠሉ ደም ሥር አቅጣጫ ይታያሉ፤ ከመያዙ በፊት የወጡት የታች ቅጠሎች ንጹሕ ሆነው ይቀራሉ። ከቅጠሉ መነሻ የሚጀምር ሰፊ ነጭ ሰንበር ከሆነ ግን የዚንክ እጥረት ሊሆን ይችላል። ደግሞም ስትሪክን የሚያሻግረው ምቢላ ብቻ አይደለም፤ ስቶሬዪን የመሳሰሉ ሌሎች የሲካዱሊና ዝርያዎችም አሉ።

ጓሮ ወዳድ
የሳሙናው ውኃ ለበቆሎም ይሠራል። በማለዳ ነው የሚረጨው።

ነፍሳት ለቃሚ
እህቴ፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? እሱን አልነገርሽንም።

የሰበታዋ ተማሪ
አረቄ ነው። ሌላ አላገኘሁም።

አራት ኪሎ
ምስኪኖች! ለሠርግ የተጠሩ መስሏቸው ይሆናል።

ነፍሳት ለቃሚ
ችግሩ እዚያ ነው። አረቄ ለዚህ ይሳሳል፤ ገላቸው ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል። አሁኑኑ መድኃኒት ቤት ሂጂና 70 በመቶ አልኮል ገዝተሽ ቀይሪላቸው። ነጥቡም የጠፋ አይመስለኝም፤ የጠቆረው ገላ ሸፍኖት ነው። ነጭ ሳህን ላይ አድርጊና የእጅ ባትሪ ከጎን አብሪበት።

ከዚያ የኋላ እግሩን በሌንስ እዪ። ከጉልበቱ በታች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ እሾህ ካለ የሲካዴሊዴ፣ ማለትም የቅጠል ዘላዮች፣ ቤተሰብ ነው። እሾሁ ጥቂት ሆኖ ጫፉ ላይ የሚንቀሳቀስ ትልቅ ችንካር ካየሽ ግን ሌላ ቤተሰብ ነው፤ ቅጠል ዘላይ አይደለም።

ጂነሱን በነጥቡ ብቻ አትጻፊ፤ ጭንቅላታቸው ላይ ነጥብ ያላቸው ሌሎችም አሉ፤ የቅርብ ዘመዱ ማክሮስቴሌስ አንዱ ነው። የሲካዱሊናን ዝርያዎች የሚለየው የወንዱ የመራቢያ አካል ነው፤ ሆዱ ተቆርጦ፣ በኬሚካል ጠርቶ፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። እሱን ለሆለታ ተዪላቸው። አንቺ ወንዶቹን ብቻ ለይ፦ ሴቷ ከሆዷ ጫፍ በታች ርዝማኔውን የተከተለ እንደ ስለት ያለ እንቁላል መጣያ አላት፤ ወንዱ የለውም። ወንዶቹን በተለየ ብልቃጥ አድርጊያቸው።

ወረቀቱ ላይ «ሲካዴሊዴ፣ ሲካዱሊና?» ብለሽ ከነጥያቄ ምልክቱ ጻፊ፤ አያሳፍርም። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከበቆሎ ላይ መያዙን ጨምሪበት። በእርሳስ ጻፊና ብልቃጡ ውስጥ ክተቺው፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። በሕይወት ሳሉ ያየሽውን ቀለምና ነጥብም አስፍሪ፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ያን ማየት አይችሉም።

የሰበታዋ ተማሪ
አልኮሉን አገኘሁ። እሾሁ በረድፍ ተደርድሯል! ከሃያ አንዱ ውስጥ ስድስቱ ወንድ ይመስሉኛል። አንዱ ላይ ነጥቦቹ በባትሪው ብርሃን ደብዘዝ ብለው ታዩኝ። እርሳስ ፍለጋ ታናሽ ወንድሜን ቀስቅሼዋለሁ።

ጡረተኛው መምህር
ጎበዝ፣ ልጄ።

ከቡራዩ
አምስት ቀን ሆነው። ናሙናው ደረሰ? የእኔም በቆሎ ትናንት መስመር መስመር መሥራት ጀምሯል፤ መረብ ይዤ ወጥቼ ሰባት ይዣለሁ፤ አልኮል ውስጥ ናቸው። ሆለታ ምን አሉሽ?