የጋራ የፓኬጅ ስም ለሦስት ሰው፣ እንዴት ነው የምትይዙት?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሆነን በፓይተን አንድ ነፃ ሶፍትዌር እየሠራን ነው። ሁላችንም የየራሳችን ፓኬጅ (ተጭኖ የሚሠራ የኮድ ጥቅል) አለን፣ ግን ኮድ ውስጥ ስንጠራቸው ከነጥቡ በፊት ያለው ስም የጋራ ነው። ትናንት አንዱ ጓደኛችን አዲስ ቨርዥን ለቀቀ። እሱን ስጭን የእኔው ጠፋ! የእኔን የምሠራበት ፎልደር ላይ እንዳለ ነው በፒፕ (በፓይተን ፓኬጅ መጫኛው) ያገናኘሁት። ፒፕ ተጭኗል ይላል፣ ኮድ ውስጥ ልጠቀምበት ኢምፖርት ሳደርገው ግን የለም። እሱ ማሽን ላይ ሁለቱም ይሠራሉ። ግማሽ ቀን በላብኝ። ደግሞ ፓይፒአይ (የፓይተን ፓኬጆች የሚለቀቁበት ድረ ገጽ) ላይ የሦስቱም ባለቤት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ይሄም ያሳስበኛል።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ የጋራው ፎልደር ውስጥ ኢኒት ፋይል (__init__.py፣ ፎልደሩ ፓኬጅ መሆኑን ለፓይተን የሚነግረው) ገብቶ እንደሆነ እይ። ከፓይተን 3.3 ጀምሮ የጋራ ስም ኢኒት ፋይል ሳይኖር ይሠራል። ፋይሉ ከሌለ ፓይተን ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ፎልደሮች ከያሉበት ሰብስቦ እንደ አንድ ያያቸዋል። አንዱ ጋ ካገኘው ግን «በቃ፣ ፓኬጁ ይሄ ነው» ብሎ ሌሎቹን ይተዋቸዋል። ጓደኛህ ጋ የሠራው ሁለቱም አንድ ቦታ ስለተጫኑ ነው። ያንተ ሌላ ፎልደር ላይ ነው ያለው፣ ለዚህ ነው የተመታኸው። እያንዳንዱ ፓኬጅ ከጋራው ስም በታች ባለው የራሱ ፎልደር ውስጥ ኢኒት ቢኖረው ችግር የለውም፣ ላይኛው ላይ ነው መከልከል ያለበት። ከመልቀቃችሁ በፊት ይህን የሚያይ ቴስት ጨምሩ።

መልስ 2፦
እኔን ያስደነገጠኝ የባለቤቱ ነገር ነው። ዛሬውኑ ሁለተኛ ባለቤት ጨምሩ! «ሜንቴይነር» ብቻ ካደረጋችሁት ፋይል መጫን ይችላል እንጂ ሌላ ሰው ማስገባት አይችልም። ያ አንድ ሰው አካውንቱ ቢጠፋበት ወይ ሥራውን ቢተው፣ ስሙን ለማስመለስ አስተዳዳሪዎቹን ስትለምኑ ነው የምትከርሙት።

መልስ 3፦
አንድ ነገር ልጨምር። ስሙን በኮድ ውስጥ ተጋራችሁት ማለት ፓይፒአይ ላይ የእናንተ ሆነ ማለት አይደለም። በእናንተ ስም የሚጀምር ፓኬጅ ማንም ተነስቶ ሊያስመዘግብ ይችላል። ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከማቻ) ላይ ስኮፕ የሚባል ባለቤት ያለው የስም መነሻ ስላለ በስኮፑ ስር የሚለቀው ባለቤቱ የፈቀደለት ብቻ ነው፣ ሜቨን ሴንትራል (የጃቫው ማከማቻ) ደግሞ በስሙ ውስጥ ያለው ዶሜይን የእናንተ መሆኑን አሳዩ ይላል። ስለዚህ ይፋዊ ፓኬጆቻችሁ የትኞቹ እንደሆኑ ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል) ላይ በግልጽ ጻፉ፣ ተጠቃሚው በስም ብቻ እንዳይታለል።

ጠያቂ፦
አገኘሁት! ባዶ ኢኒት ፋይል፣ ዜሮ ባይት። ሳጠፋው ሁለቱም ሠሩ። የባለቤትነቱንም ነገር አሁን ለባለቤቱ ደውዬ ነግሬዋለሁ፣ ማታ ሁለታችንንም ይጨምረናል።