ለቲፕማን 98 የሚሆን አዲስ አፈሙዝ ስለ መምረጥ

ጥያቄ፦ ጀማሪው

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ቨርጂኒያ ቅዳሜ ቅዳሜ ፔይንትቦል (በጋዝ ግፊት የቀለም ኳስ የሚተኮስበት ጨዋታ) መጫወት ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መሣሪያዬ ያገለገለ ቲፕማን 98 ከስተም ሲሆን፣ ከፋብሪካ የመጣበት 8.5 ኢንች አፈሙዝ እስካሁን አልተቀየረም። ከ30 ሜትር ባለፈ ርቀት ኳሶቹ ስለሚበታተኑብኝ፣ አብረውኝ የሚጫወቱት ልጆች ባለ 16 ኢንች ብገዛ ርቀትም እጨምራለሁ፣ ኢላማም አልስትም ይሉኛል። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ርዝመቱንና የውስጥ ስፋቱን በምን ልመዝን?

መልስ፦ የሜዳው ሰው

ወንድሜ፣ ባለ 16 ኢንቹን ይተዉት። ኳሱ የሚደርስበትን ርቀት የሚወስኑት ከአፈሙዙ ሲወጣ ያለው ፍጥነትና የተተኮሰበት ማዕዘን ናቸው፤ ፍጥነቱ ደግሞ በሜዳዎች ደንብ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ280 እስከ 300 ጫማ ላይ ስለሚገደብ፣ አፈሙዙ ቢረዝምም ኳሱ ርቆ አይሄድም። ጋዙ ኳሱን የመግፋት ሥራውን በአብዛኛው የሚጨርሰው በመጀመሪያዎቹ 8 ወይም 10 ኢንቾች ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍል፣ ጎኑ ላይ ቀዳዳዎች ካሉት፣ ድምፁን ለማለዘብ ይጠቅማል፤ ከመጠን በላይ ሲረዝም ግን ጋዝ ይበላል፣ ከምሽግ ጀርባ ሲዞሩም ይጋጫል። ከ12 እስከ 14 ኢንች ይበቃዎታል።

ዋናው ጉዳይ የውስጥ ስፋቱ ነው። ኳሶች 0.68 ኢንች ተብለው ቢሸጡም፣ ልኬታቸው በተግባር ከ0.679 እስከ 0.695 ይለያያል፤ ቅርፊታቸው ጄላቲን በመሆኑም እንደኛ ባለ እርጥበታማ የበጋ አየር ያብጣሉ። መሣሪያውን ከጋዙ ለይተው፣ አፈሙዙን ከፈቱ በኋላ አንድ ኳስ ከኋላ በኩል ያስገቡበት። በራሱ ተንከባሎ ከወጣ አፈሙዙ ሰፊ ነው፤ በኃይል ካልነፉት የማይነቃነቅ ከሆነ ጠባብ ነው፤ ቆሞ ቀለል ባለ ትንፋሽ ከወጣ ልክ ነው። ሲገዙም አፈሙዙ መሣሪያው ላይ የሚጠመዘዝበት ጥርስ የቲፕማን 98 መሆኑን ያረጋግጡ፤ የኤ-5 አፈሙዝ ግን፣ ኤ-5 የዚያው ኩባንያ ሌላ ሞዴል ቢሆንም፣ አይገጥምልዎትም።

መልስ፦ ቀለም ለቃሚ

ኳሶቹ የሚበታተኑት ወደ ላይና ወደ ታች ነው ወይስ ወደ ግራና ቀኝ? ወደ ላይና ወደ ታች ከሆነ ፍጥነቱ ወጥ አይደለም ማለት ነው፤ በተለይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ደጋግመው ሲተኩሱ ጠርሙሱ ስለሚቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። በፍጥነት መለኪያው ፊት 10 ጊዜ ተኩሰው ልዩነቱን ይመልከቱ። ወደ ጎን ከሆነ ግን ጥፋቱን ቅርጹ በተበላሸ ኳስ ወይም አፈሙዙ ውስጥ በቀረ ቀለም ይፈልጉ፤ ባልተወለወለ አፈሙዝ ኳሱ እየተሽከረከረ ስለሚወጣ አቅጣጫውን ይስታል።

መልስ፦ አሮጌው ተጫዋች

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ የምጨምረው ባለ አንድ ወጥ አፈሙዝ ገዝተው እንዳይታሰሩ ነው። እንደ ፍሪክ ያሉት የአፈሙዝ ዓይነቶች በውስጣቸው የሚቀያየር ቀጭን ቱቦ አላቸው፤ የዛሬው ኳስ ለ0.687 ቢስማማ፣ ሌላ ቀን የሚገዙት 0.682 ሊፈልግ ይችላል። ሙሉውን ስብስብ መግዛት አያስፈልግዎትም፣ ሁለት ወይም ሦስት ልኬት ይበቃል። በሁለት ልኬት መካከል ከተቸገሩ ጠበብ ያለውን ይምረጡ፤ ጋዝ ይቆጥባል፣ ፍጥነቱንም ወጥ ያደርጋል። በክረምት ብርድ ኳሱ ተሰባሪ ሲሆን ግን ሰፋ ወዳለው ይመለሱ፣ አለዚያ አፈሙዙ ውስጥ ይፈነዳብዎታል።

ጠያቂው፦ ጀማሪው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ እንዳላችሁኝ ሞከርኩ። የሚበታተኑት ወደ ላይና ወደ ታች ሆነው ተገኙ፤ ከ10ሩ ተኩስ ከፍተኛውና ዝቅተኛው በሰከንድ 40 ጫማ ያህል ይለያዩ ነበር። ኳሱም ከአፈሙዜ ሳይነፋ ተንከባሎ ወጣ። አንድ ተጫዋች ባለ 0.687 አፈሙዙን አውሶኝ በካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፈንታ በታመቀ አየር ስሞክር ልዩነቱ ወደ 15 ጫማ ወረደ። ስለዚህ አስቀድሜ የአየር ጠርሙሱን እገዛለሁ፤ ባለ 14 ኢንቹ ለሚቀጥለው ወር ይቆየኛል።